ሃርድ ዲስኩን አትንካብኝ

ሰይድ የኮምፒውተሩን ጎን በካቻቢቴ ፈቶ ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል ሲያደርገው ከውስጡ ማሽላ ፈሰሰ። ጥቂት ፍሬ እንዳይመስላችሁ፣ እፍኝ ይሞላል። ከማሽላው ጋር አንዲት የደረቀች እንሽላሊት ወጣች፣ ከእሷ ጋር ደግሞ ሽታው። ጉድጓድ ውስጥ የከረመ እህል ሽታ ነው፣ የተጠበሰ አቧራ ሽታ ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበረበት፤ ባለቤቴ አራጌ ኪቦርዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ከሸሚዙ የሚመጣው የሳሙናና የሲጋራ ሽታ። የሞተ ሰው ሸሚዝ ብረት ሳጥን ውስጥ እንደማይሸት አውቃለሁ፣ ገና አልጃጀሁም። ግን ሸተተኝ፣ ምን ላድርግ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"እትዬ የሺ፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው ወይስ የእህል ጉድጓድ?" አለኝ ሰይድ።

"ሥራህን ሥራ" አልኩት።

ሰይድ የጎብዬ ሰው ነው። አርባን ያለፈ፣ የአራት ልጆች አባት፣ በገበያ ቀን ቆቦ እየመጣ የተበላሸ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ የሚጠግን፣ ወሬ የማያበዛ። የጠራሁት ወድጄ አይደለም። ይኼ ኮምፒውተር ማለዳ ከፍቼው፣ ደጁን ጠርጌ፣ ውኃ ረጭቼ፣ ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና አልነቃም። አቤቱታ ሊያስጽፍ የመጣው ገበሬ ቆሞ ቆሞ ይሰለቸውና ከመንገዱ ማዶ ኮምፒውተር ቤት ወደከፈቱት ልጆች ይሄዳል። ሰሞኑን ደግሞ ከሆዱ ውስጥ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም። በጥፍሩ በር የሚቧጥጥ ሰው ያለ ነው የሚመስለው።

"አዲስ ቢገዙ ይሻል ነበር" አለ ሰይድ። አዲስ አልፈልግም፣ እዚሁ ላይ የሚለወጠውን ለውጥልኝ አልኩት። እሺ ብሎ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ራሙ ትንሽ ነው፣ ይጨመር፤ ይጨመር አልኩ። ፓወር ሳፕላዩን መብራቱ እየመጣ እየሄደ አድክሞታል፣ ይለወጥ፤ ይለወጥ። ቀጥሎ ከሆዱ አንዲት የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ በጥፍሩ ፈንቅሎ አወጣ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ቢሆን ቀኑን የሚቆጥረው በእሷ ነው፤ እሷ ከሞተች ጊዜው ይጠፋበታል። እሱስ ከጠፋበት ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ስከፍተው የሚያሳየኝ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ቀን ነው፣ በተሠራበት ዘመን ያለ ቀን። ያን ቀን አራጌ ነበረ፣ ልጃችን ሲሳይም ደብተሩን በፌስታል ይዞ ትምህርት ቤት የሚመላለስ ልጅ ነበር። ለስንት ዓመት ሰው "እትዬ፣ ቀኑን አስተካክዪው እንጂ" ሲለኝ እሺ እያልኩ ተውኩት። ለሰይድ ግን ባትሪዋን ፈቀድኩለት።

"ዋናው በሽታ ያለው እዚህ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ያንን የሚቧጥጠውን ሳጥን በጣቱ እየነካ። "ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። ሌላውን ለውጠን ይኼን ከተውነው ለሬሳ ጫማ መግዛት ነው።"

"ሃርድ ዲስኩን አትንካብኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ይህች ሴትዮ ጃጀች ብሎ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ሐሳቤ ከሱቄ ወጥቶ ሄዷል፤ ያ ሽታ ወስዶኛል።

ያኔ ቤታችን "ታይፕ ቤት" ነበር የሚባለው፤ ዛሬ ካለሁበት ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ ከካሴት ቤቱ ፊት ለፊት። አንድ ገጽ በአንድ ብር እንተይባለን፣ ካርቦን ከተጨመረ ሽልንግ ይጨመራል። ካሴት ቤቱ የሠርግ ዘፈን ከፍቶ ነው የሚውለው፤ አራጌ ሳያውቀው ጣቱ ዘፈኑን ይከተልና ከበሮው ሲሞቅ የፍርድ ቤት ማመልከቻው ይፈጥናል፣ እንጉርጉሮ ሲሆን እሱም ያዘግማል። በገበያ ቀን ከዞብል በኩል የሚወርዱት ጎረምሶች ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሚዶውን እዚያው ጠጉራቸው ላይ ሰክተው፣ በሽርጥና በነጭ ሸሚዝ፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲያልፉ መንገዱ ይጠባቸዋል። ልጃገረዶቹ ቅቤው ከጠጉራቸው አንገታቸው ላይ ይወርዳል፣ ለእነሱ ጌጥ ነው፤ ዛሬ አንዷ እንዲያ ሆና ብትወጣ ፎቶ አንሥተው ይስቁባታል። የአፋር ግመሎች ጨው ጭነው ሲመጡ ባለ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሲሰለቸው ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ግመል አይቸኩልም። ዛሬ በዚያው ጎዳና ባጃጅ ይርመሰመሳል፣ ካሴት ቤቱም የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል።

አራጌ ኮምፒውተሩን ከደሴ ሲያመጣው ለሳጥኑ እንደ ሰው ወንበር ከፍሎለት ነው። ያንን ሆዳም ስክሪን ደግሞ ከደሴ እስከ ቆቦ ጭኑ ላይ ታቅፎ መጣ፤ ሲወርድ እግሩ ደንዝዞ ረዳቱ ነው ደግፎ ያወረደው። የሰፈሩ ሰው ሊያይ ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ዘለግ ላለ ጊዜ ካዩት በኋላ "ያስታውሳል ነው የምትሉኝ?" አሉ። "አዎ አባቴ፣ የጻፉበትን ሁሉ ያስታውሳል" አለ አራጌ። "እንግዲያስ ክፉ ነገር አትጻፉበት" ብለው ሄዱ።

እኛ ደግሞ ከሁሉ አብልጠን የጻፍንበት ሞትን ነው። ያኔ በከተማችን ሰው ሲቀበር አጭር የሕይወት ታሪኩ በወረቀት ተጽፎ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መነበቡ እየተለመደ መጥቶ ነበር፣ እሱን የሚጽፈው አራጌ ነው። አንድ ፋይል አለው፣ ስሙ "ሟች" ነው። ሰው ሲሞት አዲስ አይከፍትም፤ ፊተኛው የሞተው ሰው ታሪክ ያለበትን ያንኑ ይከፍትና ስሙን አጥፍቶ የአሁኑን ይጽፋል፣ የትውልድ ቦታውን ይለውጣል፣ የልጆቹን ቁጥር ይለውጣል፣ ያትማል። የመጨረሻው ሟች እዚያው ይቀመጣል፤ ቀጣዩ እስኪሞት ድረስ ማለት ነው። አንዴ በጥድፊያ የልጆቹን ቁጥር ሳይለውጥ ቢያትመው፣ ልጅ ያልወለዱ ሰውዬ "የስድስት ልጆች አባት ነበሩ" ተብሎ ተነበበ። ሚስትየው ለቅሶዋን አቁማ "የት ነው የወለዳቸው?" ብላ ተነሣች። ለሳልስት ሽማግሌ ተልኮ ነው የበረደችው፤ እስክትሞት ድረስም በደንብ አላመነችንም። አራጌ ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣ። ፋይሉ ስም አልባ ተደርጎ አይዘጋም፣ ቀጣዩን የሚጠራ ይመስላል አለ። በሕይወት ያለ ሰው ስም ደግሞ ለቀልድም አይጻፍበትም። አንድ ቀን እኔ ለመሳቅ የባለ ካሴት ቤቱን ስም ጽፌ ሳሳየው በሕይወቱ አንዴ የተቆጣኝ ያን ቀን ነው።

ሲሳይ የሄደው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ነው። አልነገረንም። ጓደኞቹ ሦስት ነበሩ፣ በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ባሕሩ ሄዱ። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለ። "እማ፣ ደህና ነኝ፣ ነገ እንሻገራለን" አለኝ፤ ከጀርባው የሰው ጫጫታና የንፋስ ድምፅ ይሰማኛል። በቃ። እሱ ነው የመጨረሻው። ከሦስቱ አንዱ ከዓመት በኋላ ተይዞ ተመለሰ፤ ሳገኘው "እኔ በሌላኛው ጀልባ ነበርኩ እትዬ" ይለኛል ጫማዬን እያየ።

እንግዲህ የእኛን አገር ታውቁታላችሁ። ሞት በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም። የሰማው ሰው በሆዱ ይይዘዋል፣ ለወንዶቹ ይነገራል፣ ወንዶቹ ይመካከራሉ፣ አመቺ ቀን ይቆረጥና ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው መጥተው ያረዱሻል። እስከዚያ ድረስ ከተማው ሁሉ አውቆ አንቺ ገበያ ወጥተሽ ሽንኩርት ትመርጫለሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። እኔ ከዚያ ስልክ ወዲህ የሰው ፊት አነባለሁ። ባለሱቁ ስኳር ሲመርቅልኝ ለምን መረቀልኝ እላለሁ። ሁለት ሴቶች እኔን አይተው ወሬ ሲያቋርጡ መንገዴን እቀይራለሁ። ጎህ ሲቀድ ኮቴ ከሰማሁ ኮቴው ደጄን እስኪያልፍ አልተነፍስም። ይኼን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለአራጌም ቢሆን፤ እሱም አልነገረኝም።

አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስመጣ የታይፕ ቤቱ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። በጠራራ ቀን፣ በዚያ ሙቀት። ጆሮዬን ስለጥፍ ኪቦርዱ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ አንድ አንድ ፊደል፣ የአራጌ እጅ አይመስልም። አንኳኳሁ። ድምፁ ቆመ። ሲከፍትልኝ ዓይኑ ቀልቷል። ከትከሻው በላይ ሳይ ስክሪኑ ላይ "ሟች" የሚለው ፋይል ሲዘጋ ደረስኩበት።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"ማንም" አለኝ። "አቧራ ገባብኝ።"

በዚያ ሳምንት ቆቦ ውስጥ የሞተ ሰው አልነበረም። ወጥቼ ጠይቄያለሁ። የታተመ ወረቀትም አልነበረም፣ ቆሻሻ መጣያውን ሳይቀር አይቻለሁ። ምሳውን ሳይነካ መለሰልኝ፣ እኔም ሳልጠይቀው ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። የማን ስም እንደሆነ ከበሩ እስከ ቤቴ ስደርስ ገብቶኛል፤ ወይም የገባኝ መስሎኛል። ለወንዶቹ ተነግሯል ማለት ነው። ቀን እስኪቆረጥ እየጠበቁ ነው ማለት ነው። ሃያ ቀን ያህል ጎህ ሲቀድ ለብሼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋቸው። አልመጡም። በሃያ አንደኛው ቀን የሞተው አራጌ ራሱ ነው፣ ያችው ወንበሩ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ሌላ ታይፕ ቤት ጻፈው። እኔ የምጽፍበት ልብ አልነበረኝም፣ ያንን ፋይል መክፈትማ አይታሰብም። ዋጃ የተወለደውን ሰው ሮቢት ተወለደ ብለው ጻፉ። የዕድሩ ጸሐፊ አነበበው፣ ሁለት ቦታ ተደናቀፈ። የዚህን ከተማ ሰው ግማሹን ፊደል ሳያዛንፍ ቀብሮ፣ እሱ በስሕተት ተቀበረ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲሞት እኔ አዲስ ፋይል እየከፈትኩ ጻፍኩ። "ሟች" የሚለውን አልፌው እሄዳለሁ፣ እሱም ከዝርዝሩ ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

ክፉው ጊዜ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ሰው ንብረቱን ያሸሽ ጀመር። ወንድሜ ግቢ የማሽላ ጉድጓድ አለ። ክዳኑን ከፍተን፣ የታመቀው አየር እስኪወጣ ጠበቅን፤ አየሩ ሰው ይገድላላ። ከዚያ ኮምፒውተሩን በአራጌ ጋቢ ጠቅልዬ በገመድ አወረድነው፣ ማሽላውንም መለስንበት። ሲጨርስ ወንድሜ ሳያስበው አማተበ። ተያየን፣ አልሳቅንም። ከወራት በኋላ አውጥተነው ያኔ ገና ወዳልለቀቅሁት ታይፕ ቤት መለስኩት፣ ሶኬቱን ሰካሁት፤ መብራት ግን በአገሩ አልነበረም። እንዲያው ቦታውን እንዲይዝ ነው የሰካሁት። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሱቁን ቆልፌ ከልብስ ሰፊው ዘንድ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ሰማሁ። ያ የማራገቢያው ጉርምርምታ፣ ቀጥሎ ቀጭ፣ ቀጭ። ልብስ ሰፊው "የሺ፣ ሱቅሽ ሰው አለ እንዴ?" አለኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ሄጄ ስከፍት ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ስክሪኑ ላይ ያንኑ የጥንት ቀን ጽፎ ተቀምጧል፣ ከፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው። መብራት መጥቶ ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ኃይል ሲመለስለት በራሱ ይነሣል፣ ይኼንንም ሰይድ አስረድቶኛል። ገብቶኛል። ግን ያን ቀን ሰው ከገበያ እስኪመለስ ጠብቄ፣ በሰው ታጅቤ ነው የገባሁት።

እንግዲህ ሰይድ ሃርድ ዲስኩ ይለወጥ ሲለኝ ይኼ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ካልተለወጠ በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ ፋይሉም አብሮ ይሞታል፤ እኔም ሳላውቅ እኖራለሁ። ሳላውቅ መኖር ለምዶኛል፣ ሲሳይ በእሱ ውስጥ በሕይወት አለ። ከተለወጠ ግን ፋይሉ ወደ አዲሱ ይሻገራል፣ አንድ ቀን እጄ ይከፍተዋል።

ሰይድ እኔ ስተክዝ ሥራውን አላቆመም። "አልነካውም፣ ያለውን ብቻ ልቅዳልዎት" ብሎ በገመድ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አያያዘው። አቤቱታው፣ ፈተናው፣ የሠርግ ጥሪው ይሻገራል። ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ቆመ። እንደገና ሞከረ፣ ቆመ። ሦስተኛ ሞከረ።

"ሁሉም አለፈ፣ አንድ ብቻ እንቢ አለኝ" አለ። "'ሟች' ይላል። ቦታው ተጎድቷል። ከፍተነው ሌላ ስም ሰጥተን ብናስቀምጠው ይመጣ ይሆናል። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚከፈት ግን አይመስለኝም። ካልከፈትነው ደግሞ ሄደ ማለት ነው።"

ያን ጊዜ ነገርኩት። በስንት ዓመቴ ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ወሬ ነው የመሰለኝ። ሰይድ ካቻቢቴውን አስቀምጦ ሰማኝ።

"እትዬ የሺ፣ እኔ ስለ ሲሳይ የሰማሁት ነገር የለም። ወላሂ።"

"ብትሰማም አትነግረኝም።"

ካቻቢቴውን መልሶ አነሣ። "እሱስ እውነትዎን ነው" አለ፣ "በእኔ አፍ አይነገርም።"

በዚህ መልሱ አመንኩት። ክፈተው አልኩት። የማን ስም እንዳለበት አንተ እይልኝ ብዬ ፊቴን ወደ ጎዳናው አዞርኩ። ባጃጅ አለፈ። ሁለት ሴቶች በለስ በባልዲ ይዘው አለፉ። ከኋላዬ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ ቀጭ።

"ተከፈተ" አለ ሰይድ።

"የማን ነው?"

"አራጌ ይላል።"

"እሱ የአባቱ ስም ነው። ከእሱ በፊት ያለውን አንብብ።"

"ከእሱ በፊት የለም እትዬ። የሰውዬው ስም ራሱ ነው አራጌ።"

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ እልል ልል ነበር። የባሌን ስም ከሟች ፋይል ላይ አግኝቼ እንደ ምሥራች ተቀበልኩት፤ ከዚያ ነው ዞሬ መነጽሬን አድርጌ ያነበብኩት፣ ከዚያ ነው እፍረቱ የመጣው። አራጌ ወልድያ ሐኪም ቤት ሄዶ እንደነበር፣ ልብህ ረጅም ጊዜ አይሄድም እንዳሉት እዚያ ላይ ነው ያወቅሁት። ለእኔ አልነገረኝም። በልጇ በተጎዳችው ላይ ይኼን አልጨምርም ብሎ ይሆናላ፣ ይህ ሰውዬ። ያወጣውን ሕግ ራሱ አፍርሶ፣ በር ዘግቶ፣ በሕይወት እያለ የራሱን ታሪክ ጻፈ። ዋጃ ተወለደ ብሎ በትክክል ጽፎታል። ከደሴ ስክሪን ታቅፎ መምጣቱን ጽፎታል። ስለ እኔ የጻፈውን ባልነግራችሁ ይሻላል። የሞተበት ቀን የሚገባበት ቦታ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ ተትቷል። እኔ ከፍቼው ቢሆን ኖሮ በገዛ ቃሉ ይቀበር ነበር። ልጄን ላለማጣት ብዬ እሱን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት።

"ወደ አዲሱ አስገባው" አልኩት ሰይድን። "ዲስኩንም ለውጠው፣ ሁሉንም ለውጠው።"

ሰይድ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀመጠው፤ እሺ አለ። አሮጌው ዲስክ ከዚያ ወዲያ ድምፅ አላሰማም። ከጽሑፉ ሥር ሳላነባት የቀረች ሦስት መስመር ነበረች። "ይህን የሚያነበው ልጄ ሲሳይ ነው። ለቀብሬ ካልደረሰ በተዝካሬ ያንብበው። በተዝካሬም ካልደረሰ ይቆየው።"

ሰይድ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ለሟቹ ክብር ይሆናል ብሎ ነው መሰለኝ፣ ተነሥቶ ቆመና ከላይ ከስሙ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊያነብ ጀመረ።

"ተው" አልኩት። "አንባቢ አለው።"